ዘበኛውን ከዛፉ ግንድ በተረፈው ቀለም ቀባሁት

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ የግድግዳ ሥዕልና የማስታወቂያ ጽሑፍ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቂሊንጦ ባሉ መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የሚያዩአቸው ፊደሎች፣ ፍራፍሬዎችና እንስሳት ብዙዎቹ የእኔ እጅ ናቸው። ክረምት ላይ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በግቢው ረጅም ግድግዳ ላይ ‘በአካባቢያችን የሚያገለግሉን ሰዎች’ የሚል ሥዕል እንድሠራ አዘዘኝ። ሐኪም፣ መምህርት፣ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ ተከላካይ፣ ሾፌር፣ ዘበኛ፣ ከታች ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ የሠሩ ልጆች። መነሻዎቹን ከኢንተርኔት አወረድኩ። ለፊት የሚሆን ቀለም በጥብጬ ከሐኪሟ ጀመርኩ። ዘበኛው ጋ ስደርስ ቀለሙ አለቀብኝ። ከዛፉ ግንድ የተረፈ ቡናማ ነበረኝ፣ በእሱ ጨረስኩት። ምንም አላሰብኩም።

ትምህርት ከተከፈተ በኋላ አንዲት እናት በር ላይ አገኘችኝ። ቤተሰቡ ከጋምቤላ የመጣ ነው። የአራት ዓመት ልጇ ማታ ቤት ገብቶ ‘እኔ ግድግዳው ላይ አለሁ፤ ዘበኛው እኔ ነኝ’ እንዳላት ሳትቆጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ደነገጥኩና ‘እኔ እኮ ዘረኛ አይደለሁም፤ ቀለም አልቆብኝ ነው’ አልኳት። ዝም ብላ ልጇን ይዛ ሄደች። ባለቤቴ ‘ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት’ ትለኛለች። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ‘ልጅ ነው ይረሳዋል፤ ካስጨነቀህ ሰዎቹን አጥፋና አንበሳና ቀጭኔ ሣልበት’ አሉኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ‘ሁላችንም ጥቁር አይደለንም እንዴ? ዘረኝነት የፈረንጅ ነው’ እያሉ ይስቁብኛል። ሁሉንም አንድ ዓይነት ጠይም ባደርጋቸው ይሻላል? ፎቶውን ልኬልዎታለሁ።»

ወንድሜ፣

ባለቤትህ ልክ ናት፤ ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ግን ዛሬ አትሂድ። ይቅርታ የምትጠይቅበት ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ሳይገባህ እናቲቱ ፊት ብትቆም፣ አፍህ ተመልሶ ስለ ቀለሙ ማለቅ ማውራቱ አይቀርም። መጀመሪያ የላክልኝን ፎቶ አብረን እንየው።

ስልኬ ላይ አጉልቼ አየሁት። ሥራህ ያምራል፤ ላጽናናህ ብዬ አይደለም። የሐኪሟ ጋዎን እጥፋት፣ የሚኒባሱ ሰማያዊና ነጭ፣ የእሳት አደጋው መኪና መሰላል የሠለጠነ እጅ ሥራ ነው። ከዚያ ወደ ግራው ጫፍ፣ አሸንዳው ወደሚወርድበት ጥግ መጣሁ። ዘበኛው እዚያ ነው። ቀለሙ ከዛፉ ግንድ ጋር አንድ መሆኑን አንተው ነግረኸኛል፤ ዓይኔን የያዘው ግን ሌላ ነው። ሐኪሟም፣ መምህርቷም፣ ፖሊሱም፣ ሾፌሩም ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ ጥርሳቸው እስኪታይ ፈገግ ብለዋል። ዘበኛው ብቻ በጎን ተስሏል። አንድ ዓይን አለው። አፉ ባለበት ቦታ አንዲት ጭረት ተሰምራለች። ለሌሎቹ ቅንድብ ሠርተህላቸዋል፣ ጉንጫቸውን አቅልተሃል፣ አንገታቸው ሥር ጥላ ጥለሃል። ለእሱ የሰጠኸው ዱላ ብቻ ነው።

ፊቱን ያዞረው እንግዲህ የቀለም ማለቅ አይደለም።

«ምንም አላሰብኩም» ያልከውን አምንሃለሁ። ሰው ሳያስብ ሲሠራ እጁ የለመደውን ይሠራል፤ የአንተ እጅ ደግሞ ከብዙ ቦታ ለምዷል። አንዱን ልንገርህ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየህ ካደግህ ታውቀዋለህ፤ ቅዱሳንና መላእክት ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ከሃዲው፣ ሰቃዩና ሰይጣኑ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የጥንት ሠዓሊዎች ይህን አውቀውና አስበውበት ነው የሚያደርጉት፤ ምእመኑም ፊደል ባይቆጥር እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ከዓይኑ ቁጥር ይለያል። አንተ ክፉ ሰው ልሣል ብለህ እንዳልተነሳህ አውቃለሁ። ግን እዚህ አገር ያደገ ዓይን ፊቱን ያዞረን፣ ዱላ የያዘን፣ ከሁሉም የጠቆረን ሰው ጥግ ላይ ሲያገኘው ምን ብሎ እንደሚያነበው አንተም አታጣውም።

ሌላው ልማድ የመጣው ካወረድካቸው ሥዕሎች ነው። ክብ ከሠሩት ልጆች መካከል ሁለቱ ወርቃማ ፀጉር አላቸው። ወርቃማ! ኮዬ ፈጬ ውስጥ፣ ያውም ከሹሩባና ከቁንጮ ጋር እየዋልክ። የተቀሩት ፀጉራቸው ጥቁር ቢሆንም ቀጥ ብሎ ትከሻቸው ላይ ወርዷል። አንተ ይህን የሠራኸው ፈረንጅ ስለምትወድ አይመስለኝም። መነሻው ሥዕል እንደዚያ ስለነበር ነው፤ መነሻውን የሠራው ሰው ፊት የነበሩትም የሩቅ አገር ልጆች ናቸው። አንዱ ያለ ክፋት ይሠራል፣ ሌላው ያለ ክፋት ይገለብጣል፣ ሦስተኛው ያለ ክፋት ይከፍላል። መጨረሻ ላይ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ግድግዳው ፊት ይቆማል።

«ለፊት የሚሆን ቀለም በጥብጬ» የሚለው አነጋገርህም እንደ ዋዛ ያለፈ ነው፤ እኔን ግን አስቆመኝ። የማንን ፊት? በዚህ ግን ብቻህን አይደለህም። የልጆች የሰም ከለር የሚሠራው የአሜሪካው ክራዮላ ወደ ነጭ የሚያደላ ሮዝ መሰል ቀለሙን «ሥጋ» ብሎ ሲሸጥ ኖሯል፤ ስሙን ወደ «ኮክ» የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እስከዚያ ድረስ ጥቁሩም ልጅ ሰው ልሣል ሲል የሚያነሳው ያንን ነበር። የፎቶውንም ተመልከት። የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች መለኪያ የምትሆን የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ይልክ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። የሴትየዋ ቆዳ አምሮ ከወጣ ማሽኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች በመለኪያው ላይ የገቡት በ1990ዎቹ ነው። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች እንደተናገሩት፣ ፊልሙ ጥቁርና ቡናማ ነገሮችን አጥርቶ እንዲያወጣ ማሻሻል የተጀመረው የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታችን በፎቶ አላማረም ብለው ሲያማርሩ ነው። የሰው ፊት ለዚህ አልበቃም። የአሮጌ ሠርግ አልበም ገልጠህ ጠቆር ያለው ዘመድ ከጥርሱና ከዓይኑ በቀር ጠፍቶ ካየኸው፣ ጥፋቱን ሁሉ በፎቶ ቤቱ ሰውዬ ላይ አትጣል።

የዘመኑም ከዚህ አልራቀም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው ጥናት፣ ፊት አይተው ወንድና ሴት የሚለዩ የገበያ ፕሮግራሞችን መርምሮ ነበር። ነጣ ባለ ወንድ ላይ ስሕተታቸው ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን ጠቆር ባለች ሴት ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ጥቁር ሴት እናሳስት ብለው አልተማከሩም። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ይፈተኑባቸው የነበሩ የታወቁ የፎቶ ክምችቶች በብዛት የነጣ ፊት ነበሩ፤ ማሽን ደግሞ የሚማረው ያየውን ነው። አሁን ሥዕል የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስልክህ ላይ ገብተዋል፤ ለሚቀጥለው ግድግዳ «ሐኪም ሥራልኝ» ብለህ ከማዘዝህ በፊት ይህን አስብ።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ያናደዱኝ እነሱ ናቸውና። «ሁላችንም ጥቁር ነን» የሚለው ከፈረንጅ ፊት ሲቆሙ እውነት ነው። ኮዬ ፈጬ ውስጥ፣ እርስ በርስ፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን የምንቆጥረው ለማን ነው ታዲያ? ለልጅ ሚስት ሲፈለግ «ቀይ ናት» የሚለው እንደ ሙያ የሚነገረው ለምንድን ነው? የሳሙናና የቅባት ማስታወቂያ ላይ የሚቆሙትን ልጆች እያቸው፤ የአውቶቡስ ወረፋ ላይ ከምታየው ሰው ስንቱን ይመስላሉ? ከዚህ የከፋም አለን። በዚህ አገር ባሪያ መያዝ በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የአያቶቻችን ዕድሜ ማለት ነው። ብዙ ተፈንግሎ የተሸጠው የምዕራቡና የደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ ነበር፤ ስድቡም እስከ ዛሬ መንገድ ላይ የሚወረወረው በጣም ጠቆር ባለ ሰው ላይ ነው። የጋምቤላ ልጅ ታክሲ ውስጥ ምን እንደሚባል ጓደኞችህ ያውቃሉ፤ ምናልባት ከመካከላቸው ብሎት የሚያውቅ አለ። ስለዚህ የፈረንጅ ብቻ ነው ብለው ሲስቁ አብረሃቸው አትሳቅ። ወርቃማው ፀጉር ከውጭ መጥቷል፤ እሺ። ዘበኛው ግን የራሳችን ነው።

በነገራችን ላይ ዘበኝነት ነውር ነው እያልኩ አይደለም። የዚያ ግቢ ዘበኛ ከንጋቱ ጀምሮ በሩን ከፍቶ፣ ልጅ እየተቀበለ፣ ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ ይዞ እስከ አስፋልቱ የሚወጣ ሰው እንደሚሆን እገምታለሁ። እሱ ራሱ ያንን ሥዕል ሲያይ ምን እንደሚሰማው ጠይቀኸዋል? ልጆቹን ከሐኪሟ ይልቅ በየቀኑ በስማቸው የሚጠራቸው እሱ ነው፤ ግድግዳው ላይ ግን ፊት የነፈግኸው ለእሱ ነው።

ልጁን በተመለከተ የትምህርት ቤቱ ባለቤት «ይረሳዋል» ብለዋል። እኔ እጠራጠራለሁ። ልጁ አላለቀሰም፣ አላማረረም፤ ራሱን ፈለገ፣ አገኘ፣ ለእናቱ ነገራት። የሚያስፈራው ይኸው ነው። ኬኔትና ማሚ ክላርክ የሚባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ከቀለማቸው በቀር በምንም የማይለያዩ አሻንጉሊቶች አቅርበው ጠይቀው ነበር። ጥሩዋ የትኛዋ ናት? መጥፎዋስ? አንተን የምትመስለውስ? አብዛኞቹ ጥሩ ያሉት ነጯን፣ መጥፎ ያሉት ጥቁሯን ነበር። የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰሙ አልቅሰው ከክፍሉ የወጡም ነበሩ። ይህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር የተለየ ትምህርት ቤትን ሲሽር ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። የእነሱ ታሪክ ከእኛ ጋር አንድ አይደለም፤ ያን ያህል አልሳሳትም። ከዚያ የምወስደው አንዲት ነገር ናት፤ የሦስት ዓመት ልጅ ማንም ሳያስረዳው ቀለምን ከቦታ ጋር ያገጣጥማል። ያንተ ግድግዳ ላይ ደግሞ የተገጣጠመው አንድ ብቻ ነበር።

አንበሳውና ቀጭኔው ይቅሩ። ለትምህርት ቤቱ ባለቤት ቀላሉ መንገድ እንደሆነ ይገባኛል፤ አንበሳን «ለምን ጠቆረ» ብሎ የሚያማርር ወላጅ የለም። ይህ ሽሽት ግን ሌላም ቦታ ተሞክሯል። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት መጻሕፍት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ የልጆች መጻሕፍትን ሲቆጥር፣ ዋና ገጸ ባሕርያቸው ነጭ የሆኑት 50 በመቶ፣ እንስሳትና መሰል ነገሮች የሆኑት 27 በመቶ፣ አፍሪካዊ ወይም ጥቁር አሜሪካዊ የሆኑት 10 በመቶ ነበሩ። ድብና ጥንቸል ከጥቁር ልጅ በእጥፍ በልጠው ተገኙ። እንስሳ ለ«አ አንበሳ» ጥሩ ነው። ስታድግ ምን ትሆናለህ ለሚባል ልጅ ግን ቀጭኔ መልስ አይሆነውም።

ሁሉንም አንድ ዓይነት ጠይም ማድረግም አይሆንም። አንዱን «የፊት ቀለም» በሌላ መተካት ነው። ከሁሉም የምፈራው ግን ሌላ መፍትሔ አለ፤ ገና ባትጽፈውም ወደ አእምሮህ ሳይመጣ አይቀርም። ዘበኛውን ብቻ አቅልተህ «ተገላገልኩ» ማለት። አደራ፣ እንዳታደርገው። ለዚያ ልጅ ግድግዳው ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱን ከቀለምክበት ሰኞ ጠዋት ሲመጣ ጨርሶ የለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ዘበኛውን ጥቁር እንደሆነ ተወው፣ ፊቱን ግን አዙረው። ሁለት ዓይን፣ ቅንድብ፣ ጥርስ፣ ጥላ፤ ለሐኪሟ የሰጠኸውን ጊዜ ለእሱም ስጠው። ዱላውን ከእጁ ውሰድና የትንሽ ልጅ እጅ አስይዘው፣ ወይም በሩን ሲከፍት ሣለው። ከዚያ ሌሎቹን እየመረጥክ አጥቁር። ሐኪሟ ትጥቆር፤ ሾፌሩ ጠይም ይሁን፤ ፖሊሱ እንዳለ ይቆይ። ክብ ከሠሩት ልጆች ሁለት ሦስቱን በጣም ጥቁር አድርጋቸው፤ ዳር ላይ አይደለም፣ መሃል ላይ፣ ከቀዩ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው። ወርቃማዎቹን ፀጉሮች ሹሩባ ሥራባቸው፤ አንዱን ቁንጮ፣ አንዷን ጎፈሬ አድርግ። የኮዬን የትምህርት ቤት በር በመውጫ ሰዓት ቆመህ ብታይ ከዚህ የበለጠ መነሻ አያስፈልግህም፤ የሰው ልጅ ፎቶ ግን ሳታስፈቅድ አታንሳ።

ቀለሙን እንዴት እንደምትበጠብጥ ሥዕል የሚያስተምር ወዳጄን ጠይቄልሃለሁ፤ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ ግን እንዳለው ልንገርህ። ጥቁር ቆዳ ከጥቁር ቆርቆሮ አይወጣም። ጥቁር ቀለም ስትጨምርበት ፊቱ ጥቀርሻ ይመስላል፤ ነጭ ስትጨምርበት ደግሞ አመድ የነፋበት ይሆናል። ከቡናማ ተነሣ፤ ማጥቆር ስትፈልግ ሰማያዊና ጥቂት ጥልቅ ቀይ ጨምር፤ ብርሃን የሚያርፍበትን ግንባርና ጉንጭ ደግሞ በነጭ ሳይሆን በብርቱካናማና በአፈር ቢጫ አውጣው። አንዱን ጥቁር ወደ ቀይ፣ ሌላውን ወደ ሰማያዊ አድላው፤ ጥቁር ሰውም እኮ አንድ መልክ የለውም። የፊቱን መስመር በጥቁር ቀለም አታጥረው፤ የቆዳውን ቀለም አጥቁረህ በእሱ አስምር። የዓይን ነጭ ወረቀት የመሰለ ነጭ አይሁን፣ ከንፈርም ደማቅ ቀይ አይሁን። ከሰል የመሰለ ፊት፣ ነጭ የፈጠጠ ዓይንና ቀይ ወፍራም ከንፈር አሜሪካኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጥቁርን መሳቂያ ለማድረግ በመድረክ የፈጠሩት መልክ ነው፤ እስከ ዛሬ በካርቱን ውስጥ ስላለ ሳታስበው ትገለብጠዋለህ። የጀርባውም ግድግዳ ይነጋገራል፤ ዘበኛው የቆመው ጥቁር አረንጓዴ ላይ ስለሆነ ፊቱ ሰምጧል፤ ከኋላው ሰማይ ወይም ፈዛዛ ቢጫ አድርግለት። ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ እንደሚጠቁር አትርሳ፤ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ሞክረህ አድርቅ።

የጋምቤላ ልጅ ለማሳየት ብለህ ጨሌ አስረህ፣ ላባ ሰክተህ፣ ጦር አስይዘህ እንዳትሥለው ደግሞ። ይህን የምለው በየዓመቱ ኅዳር 29 በየትምህርት ቤቱ የምናየውን ስለማውቅ ነው። በብሔር ብሔረሰቦች ፖስተር ላይ አንዳንዱ ሕዝብ ሁልጊዜ እየጨፈረ ነው። ለበዓሉ ቀን ያምራል፤ ያ ልጅ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚመጣው እንደ ሌሎቹ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ነው። ጋዎን የለበሰች ጥቁር ሐኪም ከጨሌው ይልቅ ትናገርለታለች። ናይጄሪያዊው የሕክምና ተማሪና ሠዓሊ ቺዲየቤሬ ኢቤ እ.ኤ.አ. በ2021 በጥቁር እናት ማህፀን ያለ ጥቁር ጽንስ ሥሎ ሥዕሉ ዓለምን ሲዞር፣ የሕክምና ሰዎች ሳይቀሩ «እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም» ብለዋል። እሱ የሣለው የተለመደውን የሕክምና መጽሐፍ ሥዕል ነበር፤ ልብስ አልቀየረም፣ ጌጥ አልጨመረም።

አሁን ወደ እናቲቱ። ሥራውን ከመጀመርህ በፊት ሂድ፤ ከጨረስክ በኋላ ከሄድክ «አየሽ፣ አስተካከልኩት» ልትላት የመጣህ ትመስላለህ። ማለዳ ልጅ ስታደርስ አትያዛት፣ ለሥራዋ ትቸኩላለች። ማታ ስትወስደው ይሻላል፤ ሌሎች ወላጆች በተሰበሰቡበት ግን አይሁን። የምትለው አጭር ይሁን፦ «ልጅዎ ያየው ልክ ነው። ግድግዳው ላይ ለጥቁር ሰው የሰጠሁት አንድ ቦታ ነው፣ እሱንም ፊት አልሠራሁለትም። ያን ቀን ስለ ራሴ ነበር ያወራሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቅዳሜ እቀይረዋለሁ።» በቃ። «አላሰብኩም» አትበል፤ እውነት ቢሆንም ያ ላንተ እንጂ ለእሷ ምንም አይጠቅማትም። «ጋምቤላ ጓደኞች አሉኝ» የሚል ነገር ካፍህ እንዳይወጣ። ምን ላድርግ ብለህም አትጠይቃት፤ ሥራህን ሠርታ ልትሰጥህ አይገባም። ልጇን መነሻ አድርገህ ልትሥለው አትጠይቅ፤ አንድ ጊዜ ሳይጠየቅ ግድግዳው ላይ ወጥቷል፣ ይበቃዋል። ከረሜላም አትግዛለት።

ምናልባት ቀዝቀዝ ብላ «እሺ» ብቻ ብላህ ትሄዳለች። ወደ ቤትህ ግባ፣ አትከተላት። ያ «እሺ» ምን ያህል ጊዜ ለስንት ሰው እንዳለችው አንተም እኔም አናውቅም፤ ይቅር የማለቱም ጉዳይ የእሷ ነው። ለልጁ ንግግር አታዘጋጅ። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ግድግዳውን ያያል፤ የሚያየውን ራሱ ይናገራል።

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ይቀራሉ። «ወላጅ ተቆጣ» ብለህ አትንገራቸው፣ እናቲቱን ታስወቅሳታለህ። ሥራው ጎደሎ ስለነበር ልጨርሰው ነው በላቸው፤ ውሸት አይደለም። ጉልበቱ ካንተ፣ ቀለሙ ከእሳቸው ይሁን፤ ንድፉን አይተው ያጸደቁትና የከፈሉበት እሳቸው ናቸውና ሸክሙ በሙሉ በአንተ ጫንቃ አይወድቅም። ቅዳሜ ልጆች ሲወጡ ጀምር፤ ዘይት ቀለም ግን አትጠቀም፣ ሽታው ሰኞ ድረስ አይወጣም። እምቢ ካሉም አትከራከር፤ ለዘበኛው፣ ለሐኪሟና ለጥቂት ልጆች ፊት ከሁለት ሊትር በላይ አይፈጅም፣ ከኪስህ ግዛው።